ሁለት ዲናር ሰጥቶ ሄደ

«ሲስተር!» የሚል ጥሪ ሰምቼ ብድግ አልኩ። እጄ ቀድሞኝ ኪሴ ውስጥ ጓንት ይፈልጋል። ዓይኔን ስገልጥ ያለሁት ዋርድ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱሴ እግሬ ሥር ወድቆ። ማንም አልጠራኝም። ሰባኪው ስለ ጌቴሴማኒ እያስተማረ «አንድ ሰዓት እንኳ ከእኔ ጋር ልትተጉ አልቻላችሁም?» የምትለዋ ቃል ላይ ደርሷል። እኔ ደግሞ ከናይት ወጥቼ በቀጥታ የመጣሁ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስተጋ ነው ያደርኩት፤ ለማን እንደተጋሁ ግን በዚያ ሰዓት የሚጠይቀኝ የለም።

ሲያልቅ አንዲት እናት እጄን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ቃሉን እንዳትሰሚ ጠላት እንቅልፍ እየጣለብሽ ነውና ጸልዪበት» አሉኝ። ከልባቸው አዝነውልኝ ነው። «አሜን እማማ» ብዬ ወጣሁ። ከነቃሁ ሃያ ሁለት ሰዓት አልፎኛል። ጠላቴ የዲዩቲ ፕሮግራሙ ነው ብላቸው ምን ይሉኝ ነበር?

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ስለ እንቅልፉ አይደለም፤ በሄድኩበት ሁሉ ጥፋተኛ መሆን ስለሰለቸኝ ነው። ሆስፒታል ስሆን ከአምልኮ መቅረቴ ይከነክነኛል። ቤተ ክርስቲያን ስሆን ትንፋሽ እያጠራቸው ትቻቸው የወጣሁት ታካሚ ፊቴ ይመጣሉ። ቤቴ ስሆን ሁለቱም ተደርበው ይመጣሉ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ያልደወልኩላቸው ዘመዶች።

ይህ «ሲስተር» የሚሉት ስም ከየት እንደመጣ አንዳንዴ አስባለሁ። ከገዳም ነው። ሕመምተኛን መንከባከብ ለረጅም ዘመን የክርስቲያን ማኅበራት ሥራ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በአራተኛው መቶ ዘመን የቤተ ክርስቲያን አባት ባስልዮስ በቂሣርያ (በዛሬዋ ቱርክ) ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያ አቋቁሟል። በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ፋቢዮላ የምትባል ባለጸጋ ሮማዊት ንብረቷን ሸጣ የሕሙማን ቤት ከፍታለች፤ ሌላው ሰው ዞር ብሎ ማየት የሚቀፈውን ቁስል በገዛ እጇ ታጥብ እንደነበር የዘመኗ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ሄሮኒሞስ ጽፎላታል። በ1836 ደግሞ ጀርመን አገር ካይዘርስቨርት በምትባል ከተማ ፓስተር ቴዎዶር ፍሊድነር ሴት ዲያቆናትን በነርስነት የሚያሠለጥን ተቋም መሠረተ። የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1851 ሄዳ የተማረችው እዚያ ነው።

በዚህ ታሪክ እኮራለሁ። ግን አንድ ነገር ቆይቶ ገባኝ፦ ስሙ ወደ እኛ ሲተላለፍ ማኅበሩ አልተላለፈም። እነዚያ እኅቶች ብቻቸውን አልነበሩም። ምግቡን የሚያበስል፣ ልብሱን የሚያጥብ፣ ሲታመሙ የሚያስታምም ሌላ እኅት ነበራቸው። ደወል ነበራቸው፤ ደወሉ ወደ ሥራ ብቻ ሳይሆን ከሥራም ይጠራ ነበር። ሲደወል እጅ ያለውን አስቀምጦ ወደ ጸሎት መሄድ ግዴታ ነው። እኔ ጋ ስሙ አለ፣ ነጭ ጋውኑ አለ፤ «በቃ፣ አስቀምጪው» የሚል ደወል ግን የለም። እንዲያውም በሰዓቴ ለመውጣት ቦርሳዬን ሳነሳ የሚያየኝ ሁሉ የሰረቅኩ ይመስል ቀና ብሎ ያየኛል።

«ጥሪ» የሚለው ቃል ላይም ቅሬታ አለኝ። የተጠራሁ መሆኔን አምናለሁ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኝ አክስቴን ሳስታምም የተሰማኝን ነገር እስከ ዛሬ በሌላ ቃል ልገልጸው አልቻልኩም። ቅሬታዬ ቃሉ የሚወጣበት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ነርስ ሊሠራበት የሚገባ ዋርድ አንድ ነርስ ሲመደብበትና ያቺ አንዷ ስታጉረመርም፣ ያኔ ነው «እኅቴ፣ ይሄ እኮ ጥሪ ነው» የሚባለው። በቂ ሰው ሲኖር ስለ ጥሪ የሚያወራ አላጋጠመኝም። «መልአክ» የሚለውም ያው ነው። መልአክ አይበላም፣ አይተኛም፣ ደሞዝ አይጠይቅም። ቃሉ የተወደደው ለዚህ ይሆን እንዴ ብዬ እጠረጥራለሁ።

ናይቲንጌልም ተጠርታ ነበር። እግዚአብሔር በ1837፣ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ሳለ ለአገልግሎቱ እንደጠራት ጽፋለች። በ1854፣ በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ ቱርክ ውስጥ ወደነበረው የስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ሄደች። መብራት ይዛ በሌሊት በቁስለኞች መካከል ስታልፍ የሚያሳየውን ሥዕል የማያውቅ ነርስ ያለ አይመስለኝም። ያልተነገረን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በጦርነቱ ጊዜ በጠና ታመመች፤ በ1856 ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ሕመሙ አልለቀቃትም፤ ለብዙ ዓመታት ከቤቷ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከአልጋዋ ሳትነሳ ኖረች። የሆስፒታሎችን አሠራር የለወጡትን ጽሑፎችና የቁጥር ትንተናዎች በብዛት የሠራችው እንዲያ ሆና ነው፤ በ1860 በስሟ የተከፈተው የነርሶች ትምህርት ቤትም በዚሁ ዘመን የተመሠረተ ነው። በ1910 ስትሞት ዘጠና ዓመቷ ነበር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ግን መብራቷ እንጂ አልጋዋ አይደለም።

አሁን ለመጻፍ የማልፈልገውን ልጻፍ።

ሦስተኛው ተከታታይ ተጨማሪ ናይቴ ላይ ነበርኩ። ሁለቱን የወሰድኩት ሰው ጠፍቶ ስለተለመንኩ ነው፤ ሦስተኛውን ግን እውነቱን ለመናገር ለገንዘቡ ነው የወሰድኩት። ያኔ ለራሴ «አገልግሎት ነው» ብዬው ነበር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ግድም ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን የዱቄት አንቲባዮቲክ ልበጠብጥ ትሪው ላይ ያለውን ትንሽ ፕላስቲክ አምፑል አንስቼ አንገቱን ሰበርኩት፤ በሲሪንጅ መሳብ ጀመርኩ። ከጎኔ ቫይታል ሳይን ስትመዘግብ የነበረች አዲስ ተመራቂ ቀና ብላ «ሲስተር፣ ምንድን ነው የያዝሽው?» አለችኝ። «ዲስትልድ ዋተር ነዋ» አልኩ፣ ትንሽ በቁጣ። ዝም ብላ አምፑሉን ወደ መብራቱ አዞረችልኝ። ፖታሲየም ክሎራይድ ነበር።

ነርስ ላልሆነ አንባቢ፦ ሁለቱ አምፑሎች መጠናቸውም መልካቸውም ሊመሳሰል ይችላል። አንዱ ውኃ ነው። ሌላው ሳይቀጠን በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ ከተገፋ ልብን ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ካወጣቸው ዘጠኝ የታካሚ ደህንነት መፍትሔዎች አንዱ እንዲህ ያሉ ገና ያልቀጠኑ ኃይለኛ ፈሳሾችን የሚመለከት ነው፤ ተራ ዋርድ ውስጥ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተደባልቀው መቀመጥ የለባቸውም። እዚያ መገኘቱ የእኔ ጥፋት አልነበረም። ጽሑፉን ሳላነብ መስበሬ ግን የእኔ ነው። ዓይኔ ፊደሎቹ ላይ አርፎ ነበር፤ አንጎሌ ነው ያልደረሰው።

ለአሥራ ሰባት ሰዓት ያልተኛ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለው ሰው ጋር እንደሚስተካከል፣ ሃያ አራት ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ወደ 0.10 እንደሚጠጋ የሚያሳይ ጥናት በ1997 ታትሟል። ሰክራ መርፌ የምትወጋን ነርስ «ራሷን የሰጠች» የሚላት የለም። እንቅልፍ አጥታ የምትወጋውን ግን እናመሰግናለን።

በሚቀጥለው እሁድ ምስክርነት ልሰጥ አስቤ ነበር፤ «ጌታ ከነፍስ ግድያ ጠበቀኝ» ብዬ። ከወንበሬ ልነሳ ስል አንድ ሐሳብ አስቀመጠኝ። ጌታ የጠበቀኝ በማን ነው? በዚያች ልጅ። እሷስ እንዴት አየችው? ቀን ተኝታ ስለመጣች። ለካስ የእሷ እንቅልፍ ለእኔም ሆነ ለታካሚው ጸጋ ሆኖ ኖሯል። ይህን ምስክርነት እንዴት እንደምናገረው ስላላወቅኩ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ መዛል ማንበብ የጀመርኩት፤ ፈረንጆቹ በርንአውት የሚሉትን። ክሪስቲና ማስላክ የምትባል የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በ1981 ባሳተመችው መለኪያ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ስሜት ተንጠፍጥፎ ማለቅ፣ ከሰው መራቅና ሰውን እንደ ዕቃ ማየት፣ የምሠራው ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ይህን ነገር ሲተረጉም በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ባልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና ምክንያት የሚመጣ ክስተት አለው። ምንጩ ሥራው ውስጥ ነው ማለት ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ሦስቱን ምልክቶች በአማኝ ጆሮ ስሟቸው። ድካሙ ስንፍና ይመስላል። ሰውን መራቁ ፍቅር መቀዝቀዝ ይመስላል። «ዋጋ የለውም» ማለቱ እምነት ማጣት ይመስላል። ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚህን ሦስቱን በየሳምንቱ ስናዘዝ ኖሬያለሁ። ማረኝ፣ ሰነፍኩ። ማረኝ፣ ቀዘቀዝኩ። ተነስቼም ወደዚያው ዲዩቲ እገባለሁ፤ በሳምንቱ ተመልሼ ያንኑ እናዘዛለሁ። ለምን እንደማይለወጥ አይገባኝም ነበር። የጎደለኝ ይቅርታ ስላልነበረ ነው፤ የጎደለው እንቅልፍና ሁለተኛ ነርስ ነበር።

ይህን ስል ራሴን ሙሉ በሙሉ ነጻ እያወጣሁ አይደለም። አንድ ጠዋት ራውንድ ላይ «አልጋ ሰባት ሌሊቱን አስታወከ፣ አልጋ ሰባት ካኑላውን ነቀለ» እያልኩ ስዘግብ አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠች ሴት ልጁ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «አባቴ ስም አላቸው» አለችኝ። ስማቸው ቻርቱ ላይ፣ አውራ ጣቴ ሥር ነበር። በጎቹን በየስማቸው ይጠራል የሚለውን ቃል ለልጆች ያስተማርኩ ሰው ነኝ እኮ። ያኔ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ አባቷንም ጠየቅኳቸው፤ ይህኛው እውነተኛ ንስሐ የሚያስፈልገው ነበር። ደክሞኝ ነው ማለት ምክንያቱን ያስረዳል እንጂ እሳቸውን አይክሳቸውም። የትኛው ኃጢአቴ፣ የትኛው ድካሜ እንደሆነ ለመለየት አሁንም እቸገራለሁ፤ ተኝቼ ስነሳ የሚጠፋው ድካም ነበር ብዬ እፈርዳለሁ። እስካሁን ይህ ፍርድ ብዙም አላሳሳተኝም።

ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ማድረግ ያለብኝን አውቄው አሠራሩ እጄን ሲይዘኝ የሚሰማኝ። አንድሩ ጄምተን የተባለ የሥነ ምግባር ሊቅ በ1984 የሞራል ጭንቀት ብሎ ስም ሰጥቶታል። እንቅልፍም ንስሐም አያስለቅቀውም። እኔ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ያሉትን ክሶች ማንበብ የጀመርኩት ለእሱ ነው። «እስከ መቼ?» ብሎ እግዚአብሔርን መጠየቅ የተፈቀደ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ስለ ጸሎት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። «ዋርድ ውስጥ ትጸልያለሽ?» አዎ፤ ቧንቧው ጋ። እጅ በሳሙና ሲታጠብ ከአርባ እስከ ስልሳ ሴኮንድ መፍጀት አለበት፤ መዳፍ ለመዳፍ፣ በጣቶች መካከል፣ አውራ ጣት፣ የጥፍር ጫፍ። «አባታችን ሆይ»ን ሳልቸኩል ካልኩት ይደርሳል። በአንድ ዲዩቲ ስንት ጊዜ እንደምታጠብ ቆጥሬ አላውቅም፤ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ብዙ የጸለይኩት ግን እዚያ ቧንቧ ሥር ነው። «የዕለት እንጀራችንን» የሚለው ጋ ስደርስ ብዙውን ጊዜ አውራ ጣቴን ነው የማሸው። ለምን እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ብቻ ሁሌ እንደዚያ ነው።

ከታካሚ ጋር ግን ካልጠየቀኝ ድምፄን አውጥቼ አልጸልይም። በዚህ የማይስማሙኝ ወዳጆች አሉኝ፤ ዕድል አባከንሽ ይሉኛል። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ግን «አይ፣ አልፈልግም» የማለት አቅሙ ግማሽ ነው። የሚቀጥለው የሕመም ማስታገሻው በእጄ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሚሰጠኝ «አሜን» ምን ያህሉ የእሱ እንደሆነ አላውቅም። የነርሶች ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብም የታካሚን እምነት፣ ልማድና እሴት ማክበርን ከነርስ ይጠብቃል። ሃይማኖታቸው ከእኔ የተለየ፣ ወይም ጨርሶ የሌላቸው ሰዎች ጀርባቸውን ሳጥብላቸው በእጄ ግፊት ብቻ ስለማምነው ነገር የሚያውቁት ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ሲጠይቁኝ ግን መጋረጃውን ስቤ ተንበርክኬ እጸልያለሁ፤ ስጸልይም መድኃኒቱ ይቀራል አልልም። ጸልየን ስናበቃ ክኒኑን ከነውኃው አቀብላለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ሁለት የወንጌል ክፍሎች አሉ፤ ነርስ ሆኜ ሳነባቸው ሌላ ነገር የሚሉኝ።

አንዱ የማርቆስ ምዕራፍ አንድ ነው። ኢየሱስ ቅፍርናሆም ውስጥ አመሻሹ ላይ ብዙ ሕመምተኞችን ፈወሰ፤ ከተማው ሁሉ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ነበር ይላል። ማለዳ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ይጸልይ ጀመር። ስምዖንና አብረውት ያሉት ፈልገው ሲያገኙት ምን አሉት? «ሁሉ ይፈልጉሃል።» ይህቺን አረፍተ ነገር ስልኬ ላይ ስንቴ እንደተቀበልኳት! እሱ ግን ወደ ሌሎቹ መንደሮች እንሂድ አላቸው እንጂ ወደዚያ ደጅ አልተመለሰም። በዚያ ጠዋት ደጁ ላይ ሌላ ሕመምተኛ አልቀረም ማለት ይከብደኛል። ከተማ ነው፤ ያለቀበት ቀን አይኖርም። ፍቅር አንሶት ነው እንዳልል ማንነቱን አውቃለሁ።

ሁለተኛው ደጉ ሳምራዊ ነው። ስለዚህ ሰው ስንት ስብከት እንደሰማሁ! ሁሉም እንደቆመ፣ እንዳዘነ፣ ቁስሉን እንዳሰረ ይናገራሉ። (ዘይትና ወይን ጠጅ አፈሰሰበት ይላል፤ እኔ ዛሬ ባደርገው ማትሮኗ፣ የነርሶች ኃላፊዋ፣ ቢሮ ያስጠራኝ ነበር።) በማግሥቱ ምን እንዳደረገ የሚሰብክ ግን ገና አልሰማሁም። ሄደ። ወደ እንግዶች ማረፊያ አደረሰው፣ ሌሊቱን ጠበቀው፣ ሲነጋ ሁለት ዲናር አውጥቶ ለማረፊያው ጠባቂ ሰጠና «ጠብቀው፤ ከዚህ በላይ የምትከስረውን ስመለስ እከፍልሃለሁ» ብሎት መንገዱን ቀጠለ። ዲናር በማቴዎስ ወንጌል ውስጥ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደሞዝ ነው። ስለዚህ አንድ ናይት ሠርቶ፣ የሁለት ቀን ደሞዝ ከፍሎ፣ ለተረኛው ርክክብ አድርጎ ወጣ ማለት ነው። ጌታም «ሂድ፣ አንተም እንዲሁ አድርግ» ያለው መሄዱን ጨምሮ ነው።

ሳምራዊው የራሱ መንገድ ነበረው። የማረፊያው ጠባቂም ስም የለውም፣ ማንም አይሰብክለትም፤ ቁስለኛው ግን ተሽሎት ከተነሳ በእሱ እጅ ነው የተነሳው።

ይህ ከገባኝ በኋላ ሕይወቴ ተስተካከለ ብል ውሸት ነው። ጥቂት ነገሮች ግን ተቀይረዋል። ናይት በሚበዛበት ወር ከእሁድ ልጆች ማስተማር ስሜ እንዲወጣ ጠየቅኩ፤ አስተባባሪው ቅር ብሎት ነበር፣ አሁን ለምዶታል። ከናይት ወጥቼ በቀጥታ አምልኮ አልሄድም፤ ተኝቼ ከሰዓት በኋላ ከሦስት እኅቶች ጋር እጸልያለሁ፣ ሁለቱ ነርሶች ናቸው። ሦስተኛ ተጨማሪ ናይት አልወስድም። ገንዘቡ ያስፈልገኛል፤ ግን የናይት ሥራን በ2019 የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም «ካንሰር አምጪ ሳይሆኑ አይቀሩም» ከሚላቸው ጋር እንደመደበው ካነበብኩ ወዲህ ገንዘቡን የማየው ሌላ ሂሳብ ጨምሬ ነው። ስልኬ ስተኛ ይዘጋል። የመጀመሪያው ሳምንት ጭንቅ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መጋረጃውን ዘግቼ ተኝቼ፣ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም የሚለው መዝሙር ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። እሱ ካልተኛ እኔ ለምን እነቃለሁ?

ባለፈው ወር አንድ አባት ነበሩን። ሊነጋ ሲል ትንፋሻቸው መቆራረጥ ጀመረ፤ ቀኑን እንደማይጨርሱ አውቄያለሁ። ሴት ልጃቸው ሁለት ሌሊት ሳትተኛ ቆይታ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ጥቅልል ብላ ተኝታለች። ከመተኛቷ በፊት «እባክሽ፣ የሆነ ነገር ከመጣ ቀስቅሺኝ፤ ብቻቸውን እንዳይሄዱ» ብላኝ ነበር። የድሮዋ እኔ እቆይ ነበር። ሰዓቴ አልፎ፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ አራት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት እስኪሆን።

ርክክብ ላይ ለተረኛዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኦክስጅኑን፣ የመጨረሻውን ሞርፊን ሰዓት፣ ስማቸውን። በመጨረሻ ወደ ኮሪደሩ ይዣት ወጥቼ ልጅቷን አሳየኋት። «ይቺን ቀስቅሻት። ቃል ገብቼላታለሁ።» ጭንቅላቷን ነቀነቀች። መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ የአግዳሚውን ቦታ ጻፈች፤ በሥራ መዓት እንዳትረሳው። እጄን ታጠብኩ፣ ጋውኔን አወለቅኩ፣ ቤቴ ሄጄ ለስምንት ሰዓት ያህል ተኛሁ።

ማታ ስመለስ አልጋው ባዶ ነበር፤ አዲስ አንሶላ ተነጥፎበታል። ቻርቱ ገና ወደ መዝገብ ክፍል አልሄደም ነበርና ገለጥ አደረግኩት። ከእኔ ጽሑፍ ሥር፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በትንንሽ ፊደል፦ «6፡40 ሰዓት ላይ አረፉ። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ነበር።»